ሻጯ በአካል ትቅረብ ስለተባለው ቤት

ለክቡር የወረዳችን የጣሊያን ሹም፣
መሐል ሜዳ

ጤናዎ እንደምን ነው? የመንዝ ውርጭ ለእንግዳ አይራራምና እርስዎን እንዲምርልኝ ከልብ እመኛለሁ። እኔ ጎረቤት ከማጣቴ በቀር ደኅና ነኝ።

ጎረቤቴ ወይዘሮ ማናለብሽ፣ ባሏ ሸፈተ ተብሎ እስከ ደብረ ብርሃን በእግሯ፣ ከዚያ በካሚዮንዎ ተጭና ሶማሌ አገር ዳናኔ ከታሰረች ሁለት ክረምት አለፈ። አብረዋት ታስረው የተፈቱት አቶ ገብረየሱስ መልእክቷን አድርሰውልኛል፤ ባዶ ቤት ስለሚወረስ ቤቷን ለእኔ ሸጣለች። ውሉን አጽፌ ደጅዎ ብጠና ብዙ ውለታ ተቀበልኩ።

አንደኛ፤ ሻጯ በአካል ቀርባ ካልፈረመች ሽያጩ እንደማይጸና፣ እስከ ሐምሌ ካልጸናም ቤቱ የበቅሎዎችዎ ማደሪያ እንደሚሆን ስለነገሩኝ አመሰግናለሁ። ለባለቤት ፈቃድ እንዲህ የሚጨነቅ መንግሥት አያለሁ ብዬ አላሰብኩም ነበር።

ሁለተኛ፤ በቱርጁማንዎ አፍ ሻጯ የት እንደምትገኝ እንዳስረዳ አዘውኛል። የወሰዷት እርስዎ፣ የዘጉባት እርስዎ ሆነው ሳለ የምጠየቀው እኔ መሆኔ ትልቅ ክብር ነው።

ሦስተኛ፤ ውሉ ሳይጸና ጣሪያዋን በጓሳ ሣር እንዳልከድን ከልክለውኛል። ዝናቡ ግን ውል አይጠብቅም፤ መደቧ ላይ ያንጠባጥባል። ስለዚህ ጭሱ ሣሩን እንዲያደርቀው ማታ ማታ ቤቷ ገብቼ እሳት አነዳለሁ። ጭስ ካዩ ወታደር አይላኩ፤ እኔ ነኝ።

አራተኛው እንኳ ክስ አይደለም። ድሮ እሳቴ ሲጠፋ ገል ይዤ በአጥሩ ቀዳዳ እሾልክና ከማናለብሽ ምድጃ እጭር ነበር፤ ለአንድ ፍም ሄጄ ግማሽ ቀን ስናወራ እንውል ነበር። ዛሬ የእሷን ሳነድ የእኔ ይጠፋል፤ ያነደድኩትን እሳት መልሼ ከራሴው እጭራለሁ። ባዶ ቤት ገብቼ «እንደምን አመሸሽ» እላለሁ። ክቡር ሹም፣ ብቻዬን ነኝ።

እንግዲህ ሕግዎን ሙሉ በሙሉ ተቀብያለሁ፤ ሻጯ በአካል ትቅረብ። መንገዱን የሚያውቀው ካሚዮንዎ ነውና እሱው ያምጣት። እኔ ቀለሙን በጥብጬ እጠብቃለሁ።

ከደጅዎ ድንጋይ ላይ ተቀምጣ የከረመችው፣ የሕግዎ አድናቂ፣
ወለተኪዳን ተክለጻድቅ
ሰኔ ፲፱፻፴፩ ዓ.ም.

ማስታወሻ፤ የመጣች ዕለት ሳትፈርም ውሉን ተቀብያት እዚያው ምድጃዋ ውስጥ እማግደዋለሁ። ቤትማ አለኝ፤ የወሰዱብኝ ጎረቤቴን ነው።