የሚዳቋዋ ሥጋና የቀስቱ ካሜራ

ሰኞ

በክት ሳልበላ አልቀረሁም።

ትናንት ከቅዳሴ በኋላ ልጄ ሰብለ ኬንቲሽ ታውን ቤቷ ምሳ ጠርታኝ ነበር። ጥብሱ ለስላሳ፣ ስብ የሌለው፣ ጣፈጥ የሚል። አስጨምሬ በላሁ። እጄን ታጥቤ ከተቀመጥኩ በኋላ ባሏ ዳንኤል ፈገግ ብሎ፣ «እማማ፣ የበሉት እኮ በሬ አይደለም። ሚዳቋ ናት። ራሴ ነኝ ያደንኳት፣ በቀስት» አለኝ።

በቀስት! ሊፍት የሚጠግን የለንደን ሰው!

እዚህ አገር በቀስት ማደን ክልክል ነው። ይህንንም ራሱ ነው የነገረኝ። ስለዚህ ከሥራ ጓደኛው ጋር መኪና ይዘው በባሕሩ ሥር ባለው ዋሻ ፈረንሳይ ይሻገራሉ። እዚያ የጓደኛው አባት ጫካ አለው፤ ፈቃድም አውጥቻለሁ ይላል። እንደ ጀብዱ ነው የሚያወራው። እኔ የሰማሁት ግን ሌላ ነው። እዚህ የተከለከለውን ባሕር ተሻግሮ የሚያደርግ ሰው ልጄን አግብቷል።

«በስመ አብ ብለህ ነው ያረድካት?» አልኩት።

መጀመሪያ ሰብለን አየ። ከዚያ «አዎ፣ ብያለሁ እማማ» አለ።

ለምን መጀመሪያ እሷን አየ? ፊደል ዘግይቼ ብቆጥርም ፊት ማንበብ ከልጅነቴ እችላለሁ።

የፊታችን እሁድ ልቆርብ ነበር። ባሌ ከሞተ ወዲህ ቆራቢ ነኝ። አገር ቤት ከምርጫው በኋላ በመጣው መዘዝ ቤቴን፣ ጎረቤቴን፣ ዕቃዬን ጥዬ ነው የወጣሁት። ያልተወሰደብኝ ቁርባኔ ብቻ ነው። እሱንም አሁን በአንድ ሰሃን ጥብስ?

ማክሰኞ

ሃርልስደን መንበረ ጋ ሄድኩ። ከቤተ ክርስቲያን ጓደኞቼ ሁሉ ስልክ የምትችለው እሷ ናት። ዳንኤል አደኑን እየቀረጸ ዩቲዩብ ላይ እንደሚያወጣ ሰብለ ነግራኝ ነበርና «ፈልጊልኝ» አልኳት። አገኘችው።

ካሜራው ቀስቱ ላይ ነው የሚታሰረው። ቀስቱ ወደ ዞረበት ይዞራል፣ ቀስቱ ያየውን ያያል። ቅጠል ይታያል፣ የፍላጻው ጫፍ ይታያል፣ ከዚያ ሚዳቋዋ ትመጣለች። ምስሉ አንዴ ይንቀጠቀጣል። ወዲያው ዳንኤል ከሬሳዋ አጠገብ ተንበርክኮ ጥርሱን ያሳያል። ከላይ እስከ ታች ከበሮ የበዛበት የፈረንጅ ዘፈን አለ። ቢላዋ የለም። ድምፅ የለም። በስመ አብ የለም።

«ኧረ እንደ ሠርግ ቪዲዮ ዘፈን አልብሶታል!» አለች መንበረ። «ዘፈን የሚለብሰው ደግሞ ድምፁ ያላማረ ነው፤ አንቺም ታውቂዋለሽ።»

ካሜራው አለ፣ ድምፁ ጠፋ። እንዴት ነው ልክ የሚፈለገው ቦታ ላይ የተቆረጠው?

ረቡዕ

ድስት ልመልስ ብዬ ኬንቲሽ ታውን ሄድኩ። ድስቱ ሰበብ ነው።

ቀስቱ ኮሪደሩ ላይ ተንጠልጥሏል። እኔ የማውቀው ቀስት አይደለም፤ ሽቦና ተሽከርካሪ የሞላበት ማሽን ነው። ካሜራዋ ከሥሩ ታስራለች፣ እንቁላል ታክላለች። የምታበራውን ቀይ መብራት በጥቁር ቴፕ ሸፍኖታል።

«ይህ ለምን ተሸፈነ?»

«እንስሳው እንዳያየው ነው እማማ።»

ለሁሉም መልስ አለው። መልስ የማያጣ ሰው ያስፈራኛል።

«ያልተቆረጠውን አሳየኝ» አልኩት።

«እማማ፣ ያ እኮ ሎንግ ነው። ዛፍ ላይ ተቀምጬ ምንም የለም፣ ቦሪንግ ነው።»

«እኔ የማይሰለቸው ዓይነት ሰው ነኝ።»

ጆሮ ግንዱን አከከ። ፋይሉ ሥራ ቦታ ኮምፒውተር ላይ ነው አለ። የአደን ፊልም ሊፍት ቤት ምን ይሠራል? ሰብለ ከወጥ ቤት ሆና «እማዬ፣ ምነው ፖሊስ ሆንሽበት?» ብላ ጮኸች።

ከእንግዲህ እዚያ ቤት ሥጋ አልቀምስም። አትክልት ብቻ። እሱንም አይቼ።

ሐሙስ

የንስሐ አባቴ ጋ ሄድኩ።

«አባ፣ በቀስት የተገደለች ሚዳቋ በላሁ።»

«የት?»

«ኬንቲሽ ታውን።»

«ኬንቲሽ ታውን ሚዳቋ አለ?»

ሁሉንም አስረዳኋቸው። ጢማቸውን እየዳበሱ ሰሙኝ። «ሚዳቋ ንጹሕ እንስሳ ናት። ስመ ሥላሴ ከተጠራባት ምን ያስጨንቅሻል? ካልተጠራባት ደግሞ ንስሐሽን ትቀበያለሽ፣ የእሁዱ ቁርባን ይቆይሻል። መጀመሪያ ግን ልጁን ጠይቂው።»

«ጠየቅኩት። ብያለሁ አለኝ።»

«እና?»

«አላመንኩትም።»

«ታዲያ የቸገረሽ ሚዳቋዋ ናት ወይስ ልጁ?»

ከፍቶኝ ወጣሁ። አባም ለወንድ ያደላሉ።

ከሰዓት በኋላ ሰብለ ደወለች፤ ድምፅዋ ተለውጧል። «ሃርልስደን ያለ አበሻ ሁሉ ባሌ በክት ያበላል እያለ ነው። ማን ነው ያወራው?»

«መንበረ ትሆናለች» አልኩ።

«ለመንበረስ ማን ነገራት?»

ስልኩን ወደ ሌላው ጆሮዬ አዞርኩ። «ሰምቷል እማዬ። ከሥራ መጥቶ ምግብ አልቀመሰም» ብላ ዘጋችው።

ዓርብ

ዳንኤል መጣ። ብቻውን፣ የሥራ ልብሱን እንደ ለበሰ፣ ላፕቶፕ ይዞ። ኪልበርን ያለችው የእኔ ክፍል ውስጥ ለብቻው ገብቶ አያውቅም። ሻይ በባዶው ሰጠሁት።

«አሳይዎታለሁ። ግን ለሰብለ እንዳይነግሩብኝ» አለ።

መጣልኝ አልኩ በልቤ። ይሄው።

ከፈተው። ዘፈን የለም። የዳንኤል ትንፋሽ ይሰማል፣ ዛፉ ይሰማል። ጉም አለ። አንዲት ሚዳቋ ከቁጥቋጦ ወጣች። ፍላጻው ወደ እሷ ዞረ። ከዚያ የዳንኤል ድምፅ፣ ከጆሮዬ ሥር የሚናገር ያህል፣ «በስመ አብ ወወልድ...» አለ።

ሚዳቋዋ ጆሮዋን አቆመች። እልም አለች።

ከጎኑ ያለው ጓደኛው በሹክሹክታ «ሻት አፕ ማን!» አለው።

ቀጠለ። ሌላ መጣ፤ ወንድ ነው፣ ቀንድ ያለው፣ የሚያምር። «በስመ አብ» ከማለቱ ጠፋ። ጓደኛው በፈረንሳይኛ ተሳደበ፤ ስድብ በየትኛውም ቋንቋ ይገባል። ሦስተኛዋም ያው። አጠገቤ ያለው ዳንኤል ወንበሩ ውስጥ እየሰመጠ ነው።

ብርሃኑ ሊደክም ሲል አንዲት መጣች። ሣር ትነጫለች። እሱ በዝግታ፣ ቃል በቃል፣ እስከ መጨረሻው አለው። አሐዱ አምላክ አሜን። ቀና ብላ በካሜራው አየችኝ። አልሮጠችም። ምስሉ ተንቀጠቀጠ።

ከዚያ ወርዶ ቀስቱን መሬት ላይ ጣለው መሰለኝ፤ የሚታየው እርጥብ ቅጠልና ሰማይ ነው። የሩጫ ኮቴ ሰማሁ። ከሩቅ ደግሞ ድምፁ፣ እየተንቀጠቀጠ፣ እንደገና «በስመ አብ»። ከዚያ ዝም።

ላፕቶፑን ወደ እሱ ገፋሁት።

«ለምን ቆረጥከው?»

«ጓደኞቼ ያዩታላ። እያወሩ የሚያድን ሰው የት አለ? ስቀው ይጨርሱኛል። ለሰብለ ደግሞ አንድ ብቻ ናት የመጣችልኝ፣ እሷንም መታኋት ብዬ ጉራ ነፍቼባታለሁ።»

«ፍላጻውን ከመልቀቅህ በፊት ለምን ትላለህ? ቢላዋው ላይ አይበቃም?»

«ሳልደርስባት ብትሞትስ? እርስዎ እንዲበሉት ፈልጌ ነበር እኮ። በዚያ ላይ አባቴ በግ ሲያርድ ጮክ ብሎ ነበር የሚለው። እኔም እንደዚያ የሚባል መስሎኝ።»

ይቅርታ አላልኩትም። አፌ አልታዘዘኝም። ሻዩን ጨመርኩለት።

ቅዳሜ

ጠዋት መንበረ ጋ ደወልኩ። ያበላሸሁትን ላቃና ብዬ ነው።

«ልጁ ብሎታል። በጆሮዬ ሰማሁ።»

«ዛሬ ድምፅ ይቀጠላል እኮ፣ እመቤቴ! አማች ማለት ጉድ ነው።»

ንድድ አልኩ። ትናንት እኔ የምናገረውን ነው የምትናገረው፣ ያው ቃል፣ ያው አፍ። እኔም እንደዚህ ነበር የምሰማው?

ግን ቃሏ አልለቀቀኝም። ቀጥሎት ቢሆንስ? እያሰብኩ ቤት ጠረግኩ። መጨረሻ ላይ እንዲህ አልኩ፦ ለማታለል ድምፅ የሚቀጥል ሰው ያገኘበትን ይቀጥላል እንጂ ያመለጡበትን አይቀጥልም። ደግሞ ያ የጓደኛው ስድብ የእውነት ስድብ ነው።

ሌላ ጥያቄ ቀርቶኛል። ቢላዋው ሲደርስ በሕይወት ነበረች? እሱን ካሜራው አላየውም። ለአባ ደወልኩላቸው።

«ሁለት ጊዜ ስሙ ተጠርቶባታል» አሉ። «ሦስተኛው ምስክር የሚያስፈልግሽ ለማን ነው?» ቀጥለው፣ «ከልጁ ጋር ታርቀሽ ነይ። ለነገው እሱ ነው የሚያሳስበኝ» አሉኝ።

ዳንኤል ጋ ደወልኩ። ሰላምታ አልሰጠሁም። «ከዚያች ሥጋ የቀረ አለ?» አልኩት።

«ፍሪዘር ውስጥ አለ» አለ፤ ፈራ።

«ነገ ከቤተ ክርስቲያን እመጣለሁ። ለመንበረም ደውላችሁ ጥሩልኝ። ከእኔ ጋር ትብላ።»

 ከዚያ ሳቁን ሰማሁት። ታረቅን ማለት ነው? ከእኔ ይህ ከወጣ ብዙ ነው።

እሑድ

ቆረብኩ።

መንበረ መጣች፣ ነጠላዋን አጣፍታ፣ እንደ ዳኛ ተቀመጠች። ጥብሱ ሲቀርብ ሁሉም እጄን ያዩታል። ቀድሜ ጎረስኩ። ሁለተኛውን ጠቅልዬ መንበረን አጎረስኳት፤ አፏ ሞላ፣ መናገር አልቻለችም። ሰብለ ሳቋን ለመደበቅ ወጥ ቤት ገባች። ሦስቱ ማምለጣቸውን ለእሷ አልነገርኩበትም።

ዳንኤል እስከ አውቶቡሱ ፌርማታ ሸኘኝ። በሚቀጥለው ወር ተመልሶ ይሄዳል። ጓደኛው ዳግመኛ ብታወራ አልወስድህም ብሎታል።

«እማማ፣ በልቤ ብለው አይበቃም? እግዜር የልብን ይሰማ የለ?»

እግዜር ይሰማል። እኔ ግን የልብ ካሜራ የለኝም። ይህን ልለው ነበር፤ ፊቱን አይቼ ተውኩት።

«ጓደኛህን ሌላ ዛፍ ላይ አስቀምጠው» አልኩት። «አንተ ጮክ በል። የምትሸሸው ትሽሽ።»

እሺ አለ። ይል ይሆን? ባዶ እጁን ከተመለሰ ማለቱን አውቃለሁ።