«ፈረሰ» ብዬ አልጽፍም

ጥቅ. 14፣ ከሰዓት 10

8ኛ «ለ» አርሜ ጨረስሁ። 52 ደብተር። የዛሬው ትምህርት የመለያየት ግሦች። እንጨት ይፈለጣል፣ ዳቦ ይቆረሳል፣ ሸክላ ይሰበራል፣ ግንብ ይፈርሳል። «ፈረሰ»ን በዐረፍተ ነገር አስገቡ አልሁ። አጥር ፈረሰ። ጋብቻ ፈረሰ። አንዷ ደግሞ ማኅበር ፈረሰ ብላለች። ትክክል ነው፣ ራይት ሰጠኋት። ግን አልወደድሁትም።

የኛንም የማርያም ማኅበር እንዲያ ሊሉት ነው፣ ደብተሬ። እናቴ የጀመረችው፣ እኔ ጸሐፊ የሆንሁለት። እትዬ ዘውዴና እትዬ ጥሩነሽ ተኳርፈዋል። ነሐሴ ላይ የእትዬ ዘውዴ ወንድም ሲሞት እትዬ ጥሩነሽ ለቅሶ አልደረሱም። ቡሬ፣ የወለደች ልጃቸው ዘንድ ነበሩ። ጠቡ ይኸው ነው። በ21 ደጋሿ እትዬ ዘውዴ። ጽዋውን ተቀብለው ለሚቀጥለው ወር ወደ ቤታቸው የሚወስዱት ተረኛ ደግሞ እትዬ ጥሩነሽ። አስታርቃቸዋለሁ። ምን ያቅተኛል!

ጥቅ. 21፣ ማታ 1 ሰዓት

እትዬ ዘውዴ ቤት ጸለይን፣ በላን፣ ጠጣን። እትዬ ጥሩነሽ የሉም። ጽዋው ነጠላ እንደለበሰ መካከል ላይ ቀረ። ተሸካሚ የለውም። የማኅበሩ ሙሴ ጋሼ አስማረ ናቸው፤ አለቃ ናቸውና ቃላቸው ከባድ ነው። ወደኔ ዞሩ። «መምህርት፣ መዝገቡ ላይ ፈረሰ ብለሽ ጻፊ። እግዜርም ይፍታን።»

እምቢ አልሁ። ለዚህ ቃል ባለሙያዋ እኔ ነኝ። ፈረሰ የሚባለው የቆመ ነገር ሲወድቅ ነው፤ ይኸ ተሸካሚ አጣ እንጂ መች ወደቀ አልኋቸው። ብድግ አድርጌ ተሸከምሁት። እልልታው! እስከ ቤቴ ሲያጅቡኝ አንገቴ ሁለት ክንድ ሆነ። ለራስ ሲቆርሱ አያሳንሱ፤ ጎበዝ ነኝ። መዝገቡ ላይ የዛሬውን መስመር ባዶ ተውሁት።

ጥቅ. 24፣ ከት/ቤት መልስ

እትዬ ጥሩነሽ ዘንድ ሄድሁ፣ ምክሬን አሰናድቼ። ዳቦ ቀረበልኝ። ቡሬ ሳሉ መንገድ ተዘግቶ፣ ስልክም አይሠራ። ሞቱን የሰሙት ከአርባው በኋላ ሲመለሱ ነው። ሊያለቅሱ ቢሄዱ እትዬ ዘውዴ በር ዘጉባቸው። ከዚያ ዓይን ዓይኔን እያዩ፦ «እንደው ልጄ፣ በእግር የሚመጣ ሰው መቸም አይጠፋ። ከዚያ ሁሉ ማኅበርተኛ አንድ ቃል የሚልክብኝ ታጣ?»

ዳቦውን መልሼ አስቀመጥሁት። አንድ ነገር ትዝ አለኝ። ምክሬን ሳልናገር ወጣሁ።

ያው ቀን፣ 12 ሰዓት

አገኘሁት። መዝገቡ ውስጥ፣ በነሐሴው ገጽ፣ አራት ታጥፎ። በራሴ ጽሕፈት፦ «ለእትዬ ጥሩነሽ፤ የእትዬ ዘውዴ ወንድም ዐርፏልና ይወቁት።» በቀብሩ ዕለት ጋሼ አስማረ ጻፊና ላኪ ብለውኝ ነበር። አንድ ቄስ በማግስቱ ከዚህ ከፍኖተ ሰላም ቡሬ በእግር ይሄዱ ነበር። ጻፍሁ። አጠፍሁ። ዝናቡ ሲያባራ እሰጣቸዋለሁ ብዬ... ቄሱ ሄዱ። ረሳሁት። ጋሼ አስማረ ተልኳል ብለው ለእትዬ ዘውዴ ነግረዋቸዋል። እሳቸው ታዲያ ቢቆጡ ምን ይፈረዳል?

አፈርሁ ደብተሬ። አስታራቂ ነኝ ብዬ ስዘባነን!

ጥቅ. 25፣ ጠዋት 1 ሰዓት

ወረቀቱን ምድጃ ቢበላው ማን ያውቃል? ጽዋ የተሸከመች ጀግና ሆኜ እቀር ነበር። ፈረሰ ለጥፋተኛ የተመቸ ቃል ነው፤ ማን እንደናደው አይናገርም። ይህን ለ8ኛ «ለ» አላስተማርሁም። ሰኞ አስተምራለሁ።

ውሳኔ። ኅዳር 21ን አልጠብቅም። ወረቀቱን ለእትዬ ዘውዴ በእጃቸው እሰጣለሁ። ቢቆጡም ቆሜ እሰማለሁ። ከዚያ ጽዋውን ይዘን አብረን እትዬ ጥሩነሽ ቤት። አልሄድም ካሉኝ ብቻዬን። መዝገቡን ከፍቼ ባዶው መስመር ላይ ጻፍሁ፦ «ማኅበሩን ላፈርሰው የነበርሁት እኔ ነኝ።» ስሜን ከነአባቴ። ቀለሙ እስኪደርቅ ጫማዬን ላስር።