በሁለት ቀን የተገዛ አንድ ዲናሞ

ለተከበሩ የብስክሌት ዲናሞ ፋብሪካው የዋስትና ክፍል ዋና ኃላፊ
ባሉበት

ግልባጭ፦ ለአውራጃው ጋዜጣ የአንባቢያን ዓምድ፣ ለሺኦዙ መንደር ማስታወቂያ ሰሌዳ፣ እንዲሁም ቆም ብሎ ለማንበብ ጊዜ ላለው መንገደኛ ሁሉ

ክቡር ሆይ፣

በቅድሚያ ለክቡርነትዎ፣ ለቤተሰብዎ፣ ለጸሐፊዎችዎ፣ እንዲሁም ዓመቱን ሙሉ ያለ ዕረፍት ሲደክም ለከረመው ቀይ ማኅተምዎ ሙሉ ጤናና ረጅም ዕድሜ እመኛለሁ። እኔ ኢሶጋይ ቶኩጂ እባላለሁ። በሺኮኩ ደሴት ደቡባዊ ዳርቻ፣ በሺኦዙ መንደር የምኖር የሰባ ዘጠኝ ዓመት ሽማግሌ ነኝ። ስሜን እንደማያስታውሱት አውቃለሁና አይጨነቁ፤ እኔ አራት ጊዜ ጽፌ አራት ጊዜ የታዘነልኝ ሰውዬ ነኝ።

ወደ ቅሬታዬ ከመግባቴ በፊት ስለ ደብዳቤዎችዎ ውበት ሳላመሰግን ባልፍ ነውር ይሆንብኛል። ዲናሞዬን መጀመሪያ የላክሁላችሁ የፕለም አበባ ሲፈነዳ ነበር። የመጀመሪያው መልስዎ «ዝናብ የሩዝ ማሳውን በሚያጠግብበት በዚህ ወቅት እንደምን ሰነበቱ» ብሎ ጀመረ፤ ሁለተኛው ስለ ነሐሴ ወበቅ አዘነልኝ፤ ሦስተኛው በቀላው የዛፍ ቅጠል ተደመመ፤ አራተኛው፣ ከሁለት ሳምንት በፊት የደረሰኝ፣ በተራሮቹ አናት ላይ በረዶ መጣሉን አበሰረኝ። ከዚያ ሁሉ ውበት በታች ግን በእያንዳንዱ ላይ «ጥያቄዎን ልንቀበል ባለመቻላችን ከልብ እናዝናለን» የምትል አንዲት መስመር አለች። ዘንድሮ ለቤቴ የቀን መቁጠሪያ አልገዛሁም፤ የእርስዎ መሥሪያ ቤት ይበቃኛል።

ለሌላው አንባቢ ነገሩን በአጭሩ ላስረዳ። ከሦስት ዓመት በፊት ፖሊስ ጣቢያው «አረጋውያን ሆይ፣ አደጋ ሳታደርሱ መንጃ ፈቃዳችሁን መልሱ» ብሎ ሲለምን፣ እኔ ታዛዥ ሰው ነኝና መለስሁ። ተጨብጭቦልኝ የአውቶቡስ ነጻ ቲኬት ተሸለምሁ። በስድስተኛው ወር አውቶቡሱ «ተሳፋሪ የለውም» ተብሎ ቀረ፤ ቲኬቱ ግን አሁንም በእጄ አለ። ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ ማለት ይኸው ነው። ስለዚህ ብስክሌት ገዛሁ። ባለቤቴ ፉኪ የምትገኘው ከተራራው ማዶ፣ በካጃ መንደር ባለው የአረጋውያን መጦሪያ ነው። ወደዚያ የሚያደርሰው መንገድ አንድ ብቻ ሲሆን፣ እሱም የድሮ ሰዎች በመዶሻና በመሮ በፈለፈሉት፣ መብራት በሌለው፣ በቀትር እንኳ እጅን በማያሳይ ዋሻ ውስጥ ያልፋል።

ብስክሌቴ ባትሪ የለውም። ዲናሞው ከፊተኛው ጎማ መሐል፣ ከሞዞው ውስጥ ተቀብሯል። ጎማው ሲዞር መብራት ይሰጣል፤ ሲፈጥን ይደምቃል፣ ሲዘገይ ይርገበገባል። በካጃ በኩል የዋሻው መውጫ ዳገት ነው። እዚያ ስደርስ እግሬ ይዝላል፣ መብራቴም ዓይኑን እየጨፈነና እየገለጠ አብሮኝ ይወጣል።

ፉኪ የሰው ፊት መለየት ካቆመች ሁለት ዓመት ሆናት። የልጃችንን ፊት ረስታለች፣ የእኔንም ረስታለች። የመስኮቷ ትይዩ ግን የዋሻው አፍ ነው። በየቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ያቺ የምትርገበገብ መብራት ብቅ ስትል «መጣ! የኔ ሰውዬ መጣ! ዛሬም ዳገቱ አቃተው» ትልና ትስቃለች። ከዚያ እገባለሁ፤ ከእጄም ትበላለች። መብራቷን ካላየች ግን የገባው እኔ አይደለሁም። አፏን ግጥም አድርጋ ፊቷን ወደ ግድግዳው ታዞራለች። ክቡር ሆይ፣ ጉዳዩ የዲናሞ ብቻ ቢሆን ኖሮ ውድ ጊዜዎን ባልተሻማሁ ነበር።

ቅሬታዎቼን እንደሚከተለው በቁጥር አቀርባለሁ፤ ቁጥር እንደምትወዱ አውቃለሁና።

፩ኛ፣ ስለ ምርመራችሁ ጥራት። ዲናሞው ዋሻው ውስጥ መቶ እርምጃ ያህል እንደሄድሁ ጥርስ እንደሚያፋጭ ሰው ድምፅ ያሰማና ይጠፋል። ሦስት ጊዜ ጎማውን አስፈትቼ ላክሁ። ሦስት ጊዜም «በመሞከሪያ መሣሪያችን ላይ በሰዓት አሥራ አምስት ኪሎ ሜትር ፍጥነት ሦስት ቀንና ሦስት ሌሊት ያለማቋረጥ በርቷል፤ ምንም እንከን አልተገኘበትም» ተብሎ ተመለሰልኝ። መሣሪያችሁን ከልቤ አደንቃለሁ። ጉልበቱን አያመውም፣ ዳገት አያውቅም፣ የዋሻ እርጥበትም አይነካውም። ሰባ ዘጠኝ ዓመት ሲሞላው በስንት ኪሎ ሜትር እንደሚዞር ለማየት ብቻ እጓጓለሁ። እያንዳንዱ ምርመራ ከአርባ ቀን በላይ ፈጅቷል። በነዚያ ቀናት ቺጉሳ የምትባል ደግ ተንከባካቢ ሾርባ በማንኪያ ጠብ ጠብ እያደረገች ፉኪን አቆየችልኝ። በእናንተ መሣሪያ እንከን ያልተገኘበት ዲናሞ በመጦሪያው ሚዛን ላይ ከፉኪ ስድስት ኪሎ አጉድሏል።

፪ኛ፣ ስለ ባሕሩ። ከዋስትና ወረቀቱ ጀርባ፣ ጉንዳን የጻፈው በሚመስል ፊደል፣ «ጨዋማ አየር ባለበት አካባቢ ለሚደርስ ብልሽት ኃላፊነት አንወስድም» ይላል። አገራችን ደሴት መሆኗን አስቀድሜ ባለማሳወቄ ይቅርታ እጠይቃለሁ።

፫ኛ፣ ስለ ምክራችሁ። ስልክ የሚመልሱት ሠራተኛዎ እጅግ ጨዋ ሴት ናቸው። «አባት፣ ዋሻ እኮ ጨለማ ነው፤ ያለ መብራት መግባት አደጋ አለው። ለምን በባትሪ የሚሠራ መብራት አይገጥሙም?» አሉኝ። ለቀባሪው አረዱት ይሏል ይኼ ነው። ቢሆንም ምክር ነውና ገጠምሁ። ፍንትው ያለ፣ ንቅንቅ የማይል ብርሃን ነበር። ፉኪ በመስኮት አይታው «ፖስተኛው ነው» አለች። ቺጉሳ «ኧረ እማማ ፉኪ፣ ባለቤትዎ እኮ ናቸው!» ብትላት፣ «ሂጂ ወዲያ! የኔ ሰውዬ መብራት እንዲህ ሰው ላይ አያፈጥም፤ ዓይነ አፋር ነው» አለቻት። እኔንም ስገባ «ደብዳቤ አለኝ?» ብላ ጠየቀችኝ። ደግነቱ የእርስዎ ሦስተኛ ደብዳቤ ኪሴ ውስጥ ነበርና ሰጠኋት። ስለ ቀላው ቅጠል የሚለውን ሁለት ጊዜ አንብባ «እንዴት ያለ ጨዋ ሰው ነው!» አለች። ምስጋናዋን በዚሁ አድርሻለሁ። አዲሱን ምርታችሁን እንድገዛም ተመክሬአለሁ፤ ተሻሽሎ ከቶ አይርገበገብም አሉኝ። አላጠራጠረኝም።

፬ኛ፣ ስለ ሁለቱ ቀናት። ይህችኛዋ የራሴ ጥፋት ስላለባት ዝርዝሯን ብናገር ይሻላል። ብስክሌቱን የገዛሁት በወሩ አሥራ አራተኛ ቀን ነበር። ሻጩ ኩሮይዋ፣ የሰማንያ አራት ዓመት አዛውንት፣ የዋስትናውን ወረቀት ሊሞላ ብዕሩን አንሥቶ ግድግዳው ላይ የተሰቀለውን የቀን መቁጠሪያ ቀና ብሎ አየና «ኧረ ቶኩጂ! ዛሬ እኮ ቀነ ጎዶሎ ነው። በቀነ ጎዶሎ የተገዛ ነገር የሚበረክት መስሎሃል? ነገ ቀኑ የተባረከ ነው፤ የነገን ልጻፍልህ» አለኝ። «ጻፍልኛ፣ ምን ቸገረኝ» አልሁት። በእኛ አገር ሰርጉም፣ የመኪናው ርክክብም፣ የቤቱ መሠረትም ቀን ተመርጦለት ነውና ለአንድ ዲናሞ ቀን መረጥን ብዬ ወንጀል የሠራሁ አልመሰለኝም። የሱቁ ማሽን ግን ክፉና ደግ ቀን አይለይምና ደረሰኙ ላይ አሥራ አራት ብሎ አተመ።

አራተኛው ደብዳቤዎ ከበረዶው ወግ ቀጥሎ «በደረሰኙና በዋስትና ወረቀቱ ላይ የሰፈሩት ቀናት ስለማይጣጣሙ ዋስትናው ከመጀመሪያውም እንዳልነበረ ይቆጠራል» ይላል። ሻጩ በአካል ቀርቦ ቢያስረዳ ጉዳዩ እንደገና ሊታይ እንደሚችል በቸርነት ጨምረዋል። ኩሮይዋ በደስታ ይቀርብ ነበር፤ ዳሩ ግን ባለፈው ጸደይ ሞቷል። ሱቁም ተዘግቶ አሁን የመረብ ማስቀመጫ ነው። ለዲናሞዬ ዕድሜ እንዲሆነው ብሎ የጨመራት አንዲት ቀን የዋስትናውን ዕድሜ ሁሉ ይዛ እንደሄደች ሳይሰማ በማለፉ ደስ ይለኛል።

፭ኛውን ጽፌው ነበር፤ ስድብ ስለነበረበት ሰረዝሁት።

እንግዲህ ክቡር ሆይ፣ ምን ላድርግ? እንደ ደንቡ ጻፍሁ፣ እንደ ደንቡ ላክሁ፣ እንደ ደንቡ ጠበቅሁ፤ ውሃ ቢወቅጡት እንቦጭ ሆነብኝ። አሁን የእጅ ባትሪ ይዤ አርባ ደቂቃ በእግሬ እሄዳለሁ። ሃምሳ ሦስት ዓመት አብሬያት የኖርሁት ሴት ክፍል በር ላይ እንደማያውቁት እንግዳ ቆሜ «ልግባ?» እላለሁ። «ከማን ቤት ነዎት?» ትለኛለች። ማንኪያውን ሳቀርብላት አፏን ትዘጋለች። አዝኛለሁ። የእኔ ሐዘን ማኅተም ስለሌለው ነው መሰለኝ ከእናንተው «ከልብ እናዝናለን» ጋር ሲተያይ ሚዛን አላነሣም። የምጠይቀው አዲስ ነገር አይደለም፤ ያንኑ አሮጌ ዲናሞ አንድ ሰው ከፍቶ ውስጡን እንዲያይልኝ ብቻ ነው።

በስተመጨረሻ ለማይነጥፈው ይቅርታችሁ፣ ለሦስት ቀንና ሦስት ሌሊቱ ትጋታችሁ፣ ለአራቱም ወቅቶች ዜና ያለኝን ጥልቅ ምስጋና እያቀረብሁ፣ ግንባሬ ምንጣፉን እስኪነካ ዝቅ ብዬ፣ ጉልበቴ ከፈቀደልኝም ተመልሼ እየተነሣሁ፣ የክቡርነትዎ ታማኝና ዋስትና የሌለው ደንበኛ ሆኜ እኖራለሁ።

ኢሶጋይ ቶኩጂ
ሺኦዙ መንደር
(ቀኑን ሁለት እንዳይሆንብኝ ፈርቼ ትቼዋለሁ።)

ድኅረ ጽሑፍ፦ ይህን ጽፌ ሳልልከው፣ ባለፈው ማክሰኞ ተወካይዎ አቶ ኢናዳ ይቅርታ ሊጠይቁኝ ከከተማ ድረስ መጥተው ነበር። ጥቁር ሙሉ ልብስ የለበሱ፣ ጣፋጭ የሞላበት የሚያምር ሣጥን የያዙ፣ ሃምሳ ዓመት ገደማ የሚሆናቸው ሰው ናቸው። ዘጠኝ ሰዓት ላይ ከመጦሪያው እንደማልጠፋ ከደብዳቤዎቼ ስላነበቡ፣ ከሩቁ ባቡር ጣቢያ ብስክሌት ተከራይተው በዋሻው አቋርጠው መጡ። ብስክሌቱ አሮጌ ነው፤ ዲናሞው የእናንተው ሥራ፣ የእኔው ዓይነት፣ ግን የሚሠራ። አቶ ኢናዳም ዳገት የለመደ እግር የላቸውም። እኔ በእግሬ ስደርስ ቺጉሳ በሩ ላይ ያዘችኝና «አባባ፣ እማማ ‹መጣ የኔ ሰውዬ› ብለው ጮኹ እኮ፤ እንግዳውም አይደለሁም ማለት አቃታቸው» አለችኝ። ገባሁ። ፉኪ ከእጃቸው እየበላች ትስቅ ነበር። ቀና ብላ አየችኝና አቶ ኢናዳን «እኚህ ሰው ማን ናቸው?» አለቻቸው። አቶ ኢናዳ ከወንበራቸው ተነሥተው ወገባቸው እስኪታጠፍ እጅ ነሡኝ፤ ቀና ሊሉም አልቻሉም። «ይቀመጡ፣ ያጉርሷት» አልኋቸው። ሣጥኑን ሁሉ በላችው።

በማግሥቱ ያንኑ ብስክሌት ልከራይ ጣቢያው ድረስ ሄጄ ነበር፤ ዕድሜው ከሰባ አምስት ላለፈ ሰው አይሰጥም አሉኝ። ስለዚህ የዲናሞውን ጥያቄ በዚህ ደብዳቤ ትቻለሁ፤ መዝገቤን ይዝጉት። በምትኩ አቶ ኢናዳ መቼ እንደሚመለሱ ብቻ ይጻፉልኝ። ፉኪ በየቀኑ «ጌታዬ፣ የኔ ሰውዬ መቼ ነው የሚመጣው?» ትለኛለችና መልስ ልስጣት።