የሰማያዊው ጥብጣብ ሌላኛው ጫፍ

ኦክቶበር 3

ሳዶ ደሴት። ሃምሳ ስምንት እንግዶች ሃምሳ ስምንት ጃንጥላ ይዘው ወረዱ፤ አንድ ጠብታ አልጣለም። ስንመለስ አራቱን ጃንጥላ የተሸከምኩት እኔ ነኝ። የመርከብ አስጎብኚ ማለት ይኸው ነው... ተሸካሚ፣ ግን አፍ ያለው።

ስለ ግዞተኞቹ ነገርኳቸው። ንጉሠ ነገሥት ሳይቀር እዚህ ተግዞ አገሩን ሳያይ እንደሞተ። ሰባት ዓመት የተናገርኩት ስለሆነ አፌ ብቻውን ይሄዳል። አንዱ እጁን አወጣና፣ "ወደ ደሴት የተጋዙትን ነገርሽን። ከደሴት የሸሸስ የለም?" አለኝ። "ሞልቷል" አልኩት። ሳቁ። እኔም ሳቅኩ። ምን ያስቃል?

ከሰዓት በኋላ ካፒቴኑ አዲሱን ፕሮግራም ለጠፉ። በ9፣ ናጊ ደሴት። "የጥንት የዓሣ አጥማጆች መንደር፣ ነዋሪ አሥራ አንድ" ይላል። አሥራ አንዱንም በስም አውቃቸዋለሁ። አንዱ አባቴ ነው።

ለካፒቴኑ አልነገርኳቸውም። ምን ብዬ? በራስ ጉዳይ ሰው አያስቸግሩም።

ኦክቶበር 5

ካናዛዋ። የሻይ ሥርዓት ቤት። ግማሹ እንግዳ ተንበርክኮ እግሩ ደነዘዘ፣ ሲነሱ እርስ በርስ ተደጋገፉ። ዶሮቲ የሚባሉት የኒውዚላንድ ባልቴት ብቻ ወንበር አልፈልግም ብለው እስከ መጨረሻው ጸኑ። ሰማንያ አራት ዓመታቸው ነው። ጉዞውን ከባላቸው ጋር ነበር ያቀዱት፤ ባልየው አምና ሞቱ። የባልየውን ባርኔጣ ይዘው ይዞራሉ። ፎቶ ሲነሱ ከጎናቸው ያስቀምጡታል።

"ጽዋውን ከመጠጣታችሁ በፊት ለምን ታዞሩታላችሁ?" አሉኝ።

"የሚያምረውን ፊቱን በከንፈር ላለመንካት።"

"ታዲያ የሚያምረውን መቼ ነው የምትነኩት?"

ለሁሉም ጫማችሁን እንዳትረሱ አልኩ።

አባቴን ካየሁት አሥራ ዘጠኝ ዓመት። እናቴ ስትሞት ኪዮቶ እንግዳ ይዤ ነበር። አባቴ አልደወለም። "ሥራ ላይ ናት፣ አናስቸግራት" ብሎ ቀበራት። የደረስኩት በሰባተኛው ቀን ነው። ወደቡ ላይ፣ መንደሩ ሁሉ እያየ፣ "አንተ አባት አይደለህም!" አልኩት። መርከቧ ስትነሳ የወረቀት ጥብጣብ ወረወረልኝ። በደሴታችን የሚሄደው አንዱን ጫፍ፣ የሚቀረው ሌላውን ይይዛል፤ ወረቀቱ ራሱ እስኪበጠስ ማንም አይለቅም። እኔ ለቀቅኩት። ባሕር ውስጥ ጣልኩት።

ከዚያ ወዲህ ቃል አልተለዋወጥንም። በየአዲስ ዓመቱ አንድ ካርቶን ደረቅ ዓሣ ይልካል። ደብዳቤ የለውም። "ደረሰኝ" ብዬ አላውቅም። እበላዋለሁ ግን።

ኦክቶበር 6

ጎረቤታችን እማማ ፉኪ ጋ ደወልኩ። የአባቴን ቁጥር አልደፈርኩም።

"አባቴ እንዴት ነው?"

"ቶኩዞ? ደህና ነው። ከኛ ሁሉ ቀድሞ የሚነሳው እሱ ነው።"

"አሁን አለ?"

"...ወጣ ብሏል።"

"እንደምመጣ ያውቃል?"

"ያውቃል እንጂ። 'ሥራዋን እንዳታበላሽ' ብሏል።"

እንዲህ ነው እሱ! ሰላምታ እንኳ የለውም፣ ትእዛዝ ብቻ።

ኦክቶበር 8

ቀኑን ሙሉ ባሕር ላይ። ማዕበል። ግማሹ እንግዳ አልጋው ላይ ነው። ካፒቴኑ፣ "ነገ ናጊ መውረድ ላንችል እንችላለን" አሉ። ደነገጥኩ። ከዚያ ደግሞ ቀለለኝ። ከዚያ በራሴ አፈርኩ። ሃምሳ ሰባት ዓመቴ ነው፤ አባቷን የምትፈራ አሮጊት።

ምን እለዋለሁ? ወረቀት ላይ ሞከርኩ። "አባባ፣ ዓሣው ሁልጊዜ ደርሶኛል።" ጥሩ ነው፣ ከዚህ ልጀምር። ይቅርታው ከኋላ ይመጣል... ከመጣ።

እባክህ ማዕበል፣ ተኛ።

ኦክቶበር 9

ተኛ። ወረድን።

የደሴቱ ሰዎች ወደቡ ላይ ተሰልፈው ጠበቁን። ቆጠርኳቸው። ደግሜ ቆጠርኩ። አሥር።

እማማ ፉኪ እንደ ባዕድ ጎንበስ ብለው ሰላም አሉኝ።

"አባቴስ?"

"ትልቁ ደሴት ሄዷል። ዓይኑን ሊታይ።"

"ዛሬ? ዛሬን መርጦ?"

"ቀጠሮ ነው ልጄ፣ ምን ያድርግ።"

ፊቴን አላዩኝም። እኔ ግን ንዴት አሳወረኝ... ሸሸኝ! የተለማመድኩትን ሁሉ አፌ ውስጥ ይዤ ቀረሁ።

እንግዶቹን ይዤ ወደ መንደሩ ወጣሁ። ፕሮግራሙ ላይ "የዓሣ አጥማጅ ቤት" የሚል አለ። ከጥንቶቹ ቤቶች ጣሪያው ያልፈረሰው የኛ ብቻ ነው፤ ሌላ ምን ላሳይ? መዝጊያዎቹ ሁሉ ዝግ ናቸው። ደጃፉ ላይ ቆሜ በድምፅ ማጉያ ተናገርኩ። ሚስት ዛጎል ልትለቅም ባሕር ውስጥ እንደምትጠልቅ፣ ባል ጀልባው ላይ ሆኖ ወገቧ ላይ የታሰረውን ገመድ እንደሚይዝ። ከታች አንዴ ከሳበች "አውጣኝ" ማለት እንደሆነ። እሱም መቅዘፊያውን ጥሎ እንደሚጎትት።

ሁለቴውን አልነገርኳቸውም። እሱ የቤታችን ብቻ ነው። እናቴ ታች ስትቆይበት አባቴ ሁለቴ ይስባል፤ "አለሁ" ማለቱ ነው። እሷም ሁለቴ ትመልሳለች፤ "አለሁ"። ዋና ሲያስተምረኝም በገመድ አስሮ እንዲሁ ያደርገኝ ነበር።

ዶሮቲ፣ "ባለቤቶቹ የት ናቸው?" አሉኝ።

"የሉም" አልኩ። በድምፅ ማጉያ።

ልንነሳ ስንል እማማ ፉኪ መርከቧ ድረስ ወጥተው ጥብጣቦቹን አደሉ። ሰማያዊውን እጄ ላይ አደረጉና ጣቶቼን ራሳቸው አጠፏቸው። "ይኼን ለማንም እንዳትሰጪ። እስኪበጠስ ያዢ።" እሺ አልኩ። ምን አስቸኮላቸው ብዬም አልጠየቅኩ።

ጥሩንባው ሲነፋ ዶሮቲ ከክፍላቸው እያለከለኩ መጡ፤ የባላቸውን ባርኔጣ ሊያመጡ ሄደው ነው። ጥብጣብ አልቋል። ዙሪያቸውን አዩ፣ ሰው ሁሉ ይዟል። ባርኔጣውን ወደ ደረታቸው አስጠጉ። እንግዳ ባዶ እጁን ቆሞ አስጎብኚ ትያዝ? በየትኛው አገር? ሰማያዊውን ሰጠኋቸው። እኔ ወደ ውስጥ ገብቼ የሻይ ሰዓት አስታወቅኩ።

በመስኮት አየሁ። ከአሥሩ ሰዎች ኋላ አንዲት ነጭ ፒካፕ ቆማለች። የማን እንደሆነች እንጃ። መስኮቷ ክፍት ነበር።

ኦክቶበር 10

ቁርስ ላይ ዶሮቲ ጠሩኝ።

"ልጠይቅሽ እስቲ። ትናንት ያ ጥብጣብ ሁለት ጊዜ ተሳበ። ነፋስ መሰለኝ። ጥቂት ቆይቶ ደግሞ ሁለቴ። ዝም ማለት ነውር እንዳይሆን ብዬ እኔም ሁለቴ ሳብኩ። በናንተ ባህል ምን ማለት ነው?"

"ምንም" አልኩ።

ክፍሌ ገብቼ በሩን ዘጋሁ። ደወልኩ።

"እማማ ፉኪ፣ የሰማያዊውን ሌላ ጫፍ የያዘው ማን ነበር?"

ቁርስ በላሽ ወይ አሉኝ።

"አባቴ ደሴቱ ላይ ነበር?"

"ድምፅሽ አይሰማኝም ልጄ። ነፋስ ነው እዚህ።" ዘጉት። ይሰማቸው ነበር።

ኦክቶበር 11

ሃጊ። የካፒቴኑ በር ፊት ቆምኩ። "እዚህ አውርዱኝ" ልል። ጉዞው ሁለት ቀን ነው የቀረው፣ ምትክ አስጎብኚ የለም፣ ሃምሳ ስምንት ሰው... እጄን አነሳሁ። "አላስቸግራቸውም" አልኩ በሆዴ። የማን ቃል እንደሆነ ወዲያው ገባኝ። ቢሆንም አላንኳኳሁም።

ከሰዓት በኋላ የሸክላ ሥራ አሳየኋቸው።

ኦክቶበር 13

ናጋሳኪ። ጉዞው አለቀ። የመጨረሻው እንግዳ መሬት ሲረግጥ ስልኬ ጮኸ። የመርከቡን ሰዓት አጥንተው ነው የደወሉት።

"ቺዙ፣ ሥራሽን ጨረስሽ?"

"ጨረስኩ።"

"ደክሞሽ ይሆናል መቼም..."

"እማማ ፉኪ!"

"ቶኩዞ ሞተ። ከትናንት ወዲያ፣ በጠዋት።"

ከትናንት ወዲያ። በሩ ፊት ቆሜ እጄን ያነሳሁ ቀን።

"ሥርዓቱ መቼ ነው?" አልኩ።

"ትናንት ተቃጠለ። አደራ ብሎን ነበር፣ ሥራዋን ሳትጨርስ እንዳትነግሯት ብሎ። አጥንቱን እኛ ለቀምነው።"

የአባትን አጥንት ከአመድ ውስጥ በእንጨት መልቀም የልጅ ነው። ጎረቤት ለቀመው። ጮህኩ። ወደቡ መሃል፣ ሻንጣ በሚገፋ ሰው መሃል ቆሜ ጮህኩ። ስጨርስ ምን አልኩ? "ስላስቸገርኩ ይቅርታ።" እኔው ነኝ ያልኩት!

ኦክቶበር 16

ናጊ። አባቴ ነጭ ጨርቅ በተሸፈነ ሣጥን ውስጥ፣ እናቴ ፎቶ አጠገብ። ካሰብኩት ያንሳል።

እማማ ፉኪ ሁሉንም ነገሩኝ። ከኦገስት ጀምሮ አልጋ ላይ ነበር። ሆዱ ውስጥ እብጠት። መንደሩን ሁሉ አስምሎ ነበር።

"ያን ቀን ቤት ውስጥ ነበር?"

"ነበር።"

"ሰማኝ?"

"አንድ ቃል አላመለጠውም። 'አነጋገሯ ያምራል' አለ። 'የሉም' ስትይ ሳቀ። 'እውነቷን ነው፣ ልሄድ ነው' አለ።"

ምነው መሬት ተከፍታ በዋጠችኝ። መዝጊያው እኮ ቁልፍ የለውም። እጄን ብዘረጋ ይከፈት ነበር።

"ከዚያ ወደብ ውሰዱኝ አለ። እምቢ ብንለው ተሳደበ። በብርድ ልብስ ጠቅልለን ፒካፗ ውስጥ አስቀመጥነው፤ ጥብጣቡን በመስኮት አስገባንለት። ዓይኑ ከጠፋ ቆይቷል፣ መርከቧንም አያይም። ሁለቴ ሳበ። ጠበቀ። ደግሞ ሁለቴ ሳበ። ከዚያ ፊቱ በራ ብልሽ! 'መለሰችልኝ' አለ። 'ጉልበት አላት፣ ደህና ናት' አለ። ከዚያ ወዲያ ምንም አልጠየቀም። ምግብም፣ መድኃኒትም።"

እማማ ፉኪ እንባቸውን እየጠረጉ ይስቁ ነበር። ስጦታ እየሰጡኝ ነው እኮ። አፌን ከፈትኩ... መልሼ ዘጋሁት።

ኖቬምበር 28

አርባ ዘጠነኛው ቀን። አመዱ እናቴ መቃብር ውስጥ ገባ። ሌሎቹ ሲወርዱ እኔና እማማ ፉኪ ድንጋዩን ለማጠብ ቀረን።

አልቻልኩም። ሃምሳ ቀን ሙሉ ደብቄው ቆይቼ...

"እማማ ፉኪ፣ ያን ቀን የሳብኩት እኔ አይደለሁም። ጥብጣቡን ለእንግዳ ሰጥቼው ነበር። የመለሱለት አንዲት ባዕድ ሴትዮ ናቸው።"

ማጠባቸውን አላቋረጡም። ድንጋዩን ከላይ እስከ ታች ወለወሉት። ጨርቁን ጨመቁት። ረጅም ጊዜ ነው የጨመቁት።

"እሱም ደህና ነኝ ብሎ ዋሽቶሻል" አሉ። "እኩል ናችሁ።"

ያኔ አለቀስኩ። እንደ ልጅ፣ ንፍጤ እየወረደ። ሳበቃ አንድ ነገር ያዘኝ።

"እርስዎስ ሲታመሙ ማን ይነግረኛል?"

"ምን ልታደርጊልኝ? አንቺ ሥራ አለሽ፣ ምን ብዬ ላስቸግርሽ..."

"ያስቸግሩኝ!" ጮህኩባቸው፣ መቃብር ላይ። "ሥራ ላይ ብሆንም፣ እንግዳ ቢኖርም፣ ያስቸግሩኝ። እለምንዎታለሁ።"

ጨርቁን ድንጋዩ ላይ አስቀመጡ። "እንዴት እንደሚደረግ አላውቅም እኮ" አሉ። ሰባ ዘጠኝ ዓመታቸው ነው። እውነታቸውን ነው፣ አያውቁም።

መርከቧ ስትነሳ ጥብጣቤን እስኪበጠስ ያዝኩት። ማንም ቢለምነኝ አልሰጥም ነበር።

ጃንዋሪ 4

ካርቶኑ አልመጣም። ስጠብቅ እንደነበር እንኳ አላወቅኩም።

ለዶሮቲ ደብዳቤ ጻፍኩ። "ምንም ማለት አይደለም ያልኩዎት ውሸት ነው" ብዬ ጀመርኩ። አራት ገጽ ሆነ።

ሜይ 14

ሳዶ እንደገና። ፀሐይ። ጃንጥላ የለም። ግዞተኞቹ ላይ ነበርኩ፣ ንጉሠ ነገሥቱ ደሴቱ ላይ ሲደርስ፤ ስልኬ ኪሴ ውስጥ ጮኸ። እማማ ፉኪ። በሕይወታቸው በሥራ ሰዓት ደውለውልኝ አያውቁም።

ሃምሳ እንግዳ ያየኛል። ካፒቴኑም ቆመዋል። ድምፅ ማጉያውን መሬት ላይ አስቀመጥኩ። "ይቅርታ፣ ጠብቁኝ" አልኳቸው።

"ቺዙ? ሥራ ላይ ነሽ እንዴ?"

"ሥራ ላይ ነኝ።"

"እንግዳ አለ?"

"አለ። ሃምሳ።"

ትንፋሻቸው ይሰማኛል። ሊዘጉት ነው አልኩ... ሊዘጉት ነው።

"እንግዲያው ላስቸግርሽ" አሉ። "ከትናንት ጀምሮ ደረቴን ይወጋኛል።"

"አለሁ" አልኳቸው። "አለሁ፣ እማማ ፉኪ።"