ነጠላዬ ሲዘቀዘቅ

ጥቅምት 7 ቀን 1981

አራት ነጠላ ቋጨሁ። የአውራ ጣቴ ቆዳ ተልጧል። አንዲት ሴትዮ ነጠላውን ፀሐይ ላይ ዘርግታ፣ አንድ ዓይኗን ጨፍና በውስጡ ታያለች። ባለሱቁ ጋሽ ሐምዱ ትዕግሥታቸው አለቀ። "እትዬ፣ ነጠላ ነው እኮ፤ ወንፊት አይደለም!" አሏት። ሸማ ተራ ሙሉ ሳቀ። ሴትዮዋም ስቃ ገዛች።

ቤት ስገባ ነጭ ጋዝ የለም። በጨለማ ራት በላሁ። ጋዝ የባሌ የጓንጉል ሥራ ነበር። አምጣ ካላልኩት አንድም ቀን አስታውሶ አያውቅም። ካልኩት ደግሞ ሳያመጣ ቀርቶ አያውቅም።

ባሌ ከሄደ አራት ወር አለፈው።

ጥቅምት 9

ጓንጉል መጣ። በህልሜ ነው።

ጎሚስታ ቤት የሚለብሳትን ሰማያዊ ቱታ ለብሶ በሩ ላይ ቆመ። የጎማ ሽታው ሁሉ አብሮት ገባ። እና ምን አልኩት? "ጋዝ ገዝተህ መጣህ?" "ረሳሁት" አለ። ቀጥዬ የቁም ሳጥኑን ቁልፍ የት እንደጣለው ጠየቅሁት። ተጨቃጨቅን። ነቃሁ።

ጋዝ! ሰው ከጦር ግንባር መጥቶ ስለ ጋዝ ይጠየቃል? በላህ፣ በረደህ፣ ቆሰልክ አይባልም? ይሄ እንግዲህ አምስተኛው ነው። ሁልጊዜ ይመጣል፤ ሁልጊዜ በማይረባ ወሬ እሸኘዋለሁ። ህልም መሆኑን እዚያው ባውቅ ኖሮ...

ባውቅ አንድ ነገር ነበር የማደርገው። ጋቢውን አለብሰው ነበር።

ጥቅምት 10

የጋቢውን ነገር እስከዛሬ አልጻፍኩትም። አፍሬ ነው። ከማን እንደማፍር እንጃ... ደብተሩን ከእኔ በቀር ማን ያየዋል?

ሰኔ ላይ አውቶቡስ ተራ አፈሳ ነበር። ጎማ ሲነፋ ከነቱታው ወሰዱት። ሁለት ቀን ከሌሎቹ ጋር አዳራሽ ውስጥ ዘጉባቸው። በመስኮት አነጋገረኝ። "ወደ ብርድ አገር ነው አሉ የምንሄደው። ጋቢዬን አምጪልኝ።" ጋቢው ከሸማኔው የመጣው በዚያው ሳምንት ነው። አንዱ ጫፍ ተቋጭቷል፣ አንዱ ገና ነው። እንደዚያው ወስጄ ብሰጠው ምን ነበረበት? ግን እኔ... "የቋጪ ባል ያልተቋጨ ጋቢ ለብሶ ይሂድ? ሰው ምን ይለኛል?" አልኩ። ሸማ ተራ ውስጥ የኔን እጅ የማያውቅ የለም። ኩራት ነው ሌላ አይደለም። ተቀምጬ ስቋጭ ነጋ። ሦስት ጣት የምታህል ስትቀረኝ ጎረቤቴ እቴቴ ሮጠው ገቡ። "ካሚዮኖቹ ተነሱ!"

በሲኒማ ራስ በኩል በባዶ እግሬ ሮጥኩ። የደረስኩት አቧራው ላይ ነው።

ነሐሴ ላይ አንዲት ደብዳቤ መጣች። ደህና ነኝ ይላል። ብርዱ አይጣል ነው ይላል። ከስር ደግሞ፣ "ጋቢው ተቋጨ?" እየቀለደብኝ ነው። ሁሌም ይቀልድብኛል። ከዚያች ወዲህ ድምፁ የለም።

ሦስት ጣቷ እንዳለች አለች። እጄ ወደሷ አልሄድ ብሎ።

ጥቅምት 14

ዛሬ ስለ ህልሙ ለጎረቤቶቼ አወራሁ። እቴቴ ወዲያው ፈቱልኝ። "ጋዝ ማለት ብርሃን ነው። ልጁ ይመጣል። ህልም እንደፈቺው ነው፣ እኔ በደግ ፈትቼዋለሁ!"

ጋሽ ወልደሚካኤልም ሰምተዋል። ከግቢያችን ጥግ ያለችው ክፍል የሳቸው ናት። ሃያ ዓመት ሲኒማ ቤት ፊልም ሲያጫውቱ ኖረው ጡረታ የወጡ ሰው ናቸው። የፈረንጅ መጽሔት ያነባሉ፤ ብዙ ያውቃሉ፣ ትንሽ ይናገራሉ። እቴቴ ወደ ቤታቸው ሲገቡ ጠሩኝ።

"ፍቺውን ተይው። አንቺ የምትፈልጊው ምንድን ነው?"

"ህልም መሆኑን እዚያው ህልሙ ውስጥ ሆኜ ማወቅ።"

"ይቻላል። ሰው ፊልም ሲያይ ፊልም መሆኑን ይረሳል፤ ያለቅሳል፣ ይሳደባል። እኔ አልረሳም ነበር። ለምን? ከማሽኑ አጠገብ ስለቆምኩ ነዋ። ሲሽከረከር እሰማዋለሁ። አንቺም ማሽኑን መስማት ልመጂ።"

"እንዴት ብዬ?"

"የሚለመደው በቀን ነው። በቀን አስር ጊዜ ቀጥ በይና ራስሽን ጠይቂ። 'አሁን ህልም ላይ ነኝ ወይስ በእውን?' ለአፍ ያህል አይደለም፣ ከልብሽ። ጣትሽን ቁጠሪ። ጽሑፍ አንብቢ፣ ዞር በይ፣ እንደገና አንብቢው። በህልም ጽሑፍ አይረጋም። ቀን የለመድሽውን ሌሊት ትደግሚዋለሽ። በህልምሽ ነጠላ አትቋጪም?"

እቋጫለሁ እንጂ። ስቋጭ አድሬ ደክሞኝ ነው የምነሳው።

"በቃ፣ እንደሱ ነው" አሉኝ።

ጥቅምት 15

ጀመርኩ።

ጣቴን ቆጠርኩ። አምስት። ግንቡ ላይ ያለውን መፈክር አነበብኩ። "ሁሉም ነገር ወደ ጦር ግንባር!" ዞር አልኩ፣ ተመለስኩ። ያው ነው። ሁሉም ነገር... የኔ ጋቢ ሲቀር።

ጋሽ ሐምዱ ታዝበውኛል። "እታገኝ፣ ጣትሽን ስትቆጥሪ አራተኛሽ ነው። ጠፋብሽ እንዴ?"

"እንዳይጠፋብኝ ብዬ ነው ጋሼ።"

ጥቅምት 23

አስር ጊዜ ቀላል ይመስላል። ሞክሩት! አንዱን ነጠላ ጀምሬ ቀና ስል ግማሽ ቀን አልፏል። ለካ ሰው ተኝቶ ነው የሚውለው። ትናንት ሦስት ጊዜ ብቻ ትዝ አለኝ። ዛሬ ሰባት። ተሸካሚ "ዞር በይ!" ብሎ በጮኸብኝ ቁጥር እንድጠይቅ ራሴን አለማመድኩት። መርካቶ ውስጥ ዞር በይ የሚል ጠፍቶ አያውቅም።

ግን አንድ ነገር አለ። ድሮ ሥራ ላይ ሆኜ እረሳው ነበር። እሰየው ነበር ለካ። አሁን በቀን ሰባት ጊዜ ነቅቼ እጠይቃለሁ፣ ሰባቱንም ጊዜ መልሱ አንድ ነው። በእውን ነው። በእውን ደግሞ ጓንጉል የለም።

ኅዳር 13

ጋሽ ወልደሚካኤል ህልሞቼን በሌላ ወረቀት አስጽፈውኝ ነበር። ዛሬ አንድ ላይ አነበብናቸው። ስምንት ናቸው። በስድስቱ ነጠላዬ ተዘቅዝቋል። እንደ ለቀስተኛ፣ ጥለቱ ወደ ላይ፣ አንገቴ ስር።

እንዴት ሳላስተውለው? ደነገጥኩ። እሳቸው ግን መነጽራቸውን ወደ ላይ ገፉና፣ "አገኘነው! ምልክትሽ ይሄ ነው" አሉ።

እውነታቸውን ነው። በእውን እኔ ጓንጉል ከሄደ ወዲህ ነጠላ አዘቅዝቄ አላውቅም። ሟርት ይሆንበታል ብዬ ለቅሶ እንኳን የምደርሰው በሹራብ ነው። "ያቺ ቋጪ ነጠላ አጣች" ብለው ያሙኛል። ይሙኝ። እሱ እስኪመለስ አላዘቀዝቅም።

ስለዚህ ጥለቱ ታች ከሆነ በእውን፣ ላይ ከሆነ በህልም። ከጣት መቁጠር ይቀላል። ነጠላ ደግሞ ከትከሻዬ አይወርድም።

ታኅሣሥ 3

ጥለት ታች። ጥለት ታች። ጥለት ታች... ቀኑን ሙሉ።

ታኅሣሥ 19

አወቅሁ! አወቅሁ!

ሸማ ተራ ነኝ። ሰው የለም። ሱቁ ሁሉ ክፍት፣ ጭር ያለ። የት ሄዱ ብዬ ዝቅ ስል ጥለቱ አንገቴ ስር ነው። "ህልም ነው!" ብዬ ጮህኩ። "ጓንጉል!" ከነጠላ ክምር ኋላ ብቅ አለ። እጁን በቱታው እየጠረገ። እየሳቀ። ልቤ ልትወጣ... ጋቢውን ላመጣ ወደ ቤት መሮጥ ስጀምር ነቃሁ።

ግማሽ ደቂቃ አይሞላም። አልነካሁትም። ስሙን ብቻ ነው የጠራሁት። ቁጭ ብዬ አለቀስኩ፣ ግን እንደወትሮው ለቅሶ አይደለም።

ለጋሽ ወልደሚካኤል ስነግራቸው እንደ ልጅ አጨበጨቡ። "ደስታው ነው የቀሰቀሰሽ። በሚቀጥለው አትሩጪ፣ አትጩሂ። መዳፍሽን እርስ በርሱ አሻሺው፣ ያረጋጋሻል። ቀስ ብለሽ ጥሪው። ጋቢውንም ቅርብ አድርጊው፣ ሩቅ እንዳትሄጂ።"

ጋቢውን ከሳጥን አውጥቼ አልጋዬ ግርጌ አስቀመጥኩት። አልቋጨውም። እንደዚሁ ነው የምሰጠው። ያኔ መስጠት እንደነበረብኝ።

ጥር 6

"ለጥምቀት ያልሆነ ቀሚስ ይበጣጠስ" ይባል የለ? እኛ ነን የምንበጣጠሰው። ሰው ሸማ ተራን ሊያፈርሰው ነው። ዛሬ ዘጠኝ ነጠላ። ያም ሆኖ አስር ጊዜ ጠየቅሁ። አንዴም አልረሳሁ።

ጥር 22

የዛሬ ሳምንት የሆነውን ነው። እስከዛሬ እስክሪብቶ መያዝ አልቻልኩም።

ጎህ ሲቀድ በሩ ተንኳኳ። ከፈትኩ። እቴቴ ናቸው። ከኋላቸው የግቢው ሴቶች፣ ጋሽ ሐምዱ፣ ጋሽ ወልደሚካኤል፣ አንድ ክራንች የያዘ የማላውቀው ወታደር። ሴቶቹ በሙሉ ነጠላቸውን አዘቅዝቀዋል። ማንም ደህና አደርሽ አላለኝም። እቴቴ ነጠላዬን ከራስጌዬ አንስተው ትከሻዬ ላይ አደረጉልኝ። ዝቅ ብዬ አየሁ።

ጥለቱ አንገቴ ስር ነው።

ደስ አለኝ። እግዚአብሔር ይቅር ይበለኝ፣ ደስ አለኝ!

ህልም ነው አልኩ በልቤ። መጣልኝ አልኩ። አትሩጪ... አትጩሂ... መዳፌን አሻሸሁ። ቀስ ብዬ ጋቢውን ከግርጌ አነሳሁ። ፈገግ አልኩላቸው።

"እንኳን መጣችሁ። ግን ዛሬ እናንተን አይደለም የምፈልገው። ጓንጉልን ጥሩልኝ።"

ሴቶቹ ጩኸታቸውን ለቀቁት። እቴቴ አንገቴ ላይ ተጠመጠሙ። "ልጄ፣ እታገኝዬ፣ ጓንጉል እኮ..."

"አውቃለሁ፣ አውቃለሁ" አልኳቸው። በመሃላቸው አልፌ ግቢው ውስጥ ቆምኩ። ጋቢውን በሁለት እጄ ዘርግቼ ጠራሁት። በቀስታ፣ እንደተነገረኝ። "ጓንጉል... ና ልበሰው። አልተቋጨም፣ ግድ የለም። ና።"

ደጋግሜ ጠራሁት። የመጡት ጋሽ ወልደሚካኤል ናቸው። እንባቸው በጺማቸው ይወርዳል። ምንም ሳይሉ እጄን ከጋቢው አላቀው ጣቶቼን አንድ በአንድ ቆጠሩልኝ። አምስት። ሌላውን እጄን ያዙ። አምስት።

"በእውን ነው፣ ልጄ" አሉኝ።

ያኔ ነው የጮህኩት።

የካቲት 2

ክራንች የያዘው ወታደር ደምመላሽ ይባላል። መርዶውን ያመጣው እሱ ነው። እግሩ ቆስሎ ከሆስፒታል ሲወጣ፣ ቤታችንን ጎሚስታ ቤት ጠይቆ አገኘው። ዛሬ ደግሞ መጣ። ቁጭ ብሎ ነገረኝ።

ኅዳር 4 ነው አለኝ። ጥይት ነው፣ አልተሰቃየም አለኝ። እውነት ይሁን ለኔ ብሎ... አልጠየቅሁትም።

ደምመላሽ ከሄደ በኋላ ደብተሬን ገልጬ ኅዳር 4ን ፈለግኩ። ምንም አልጻፍኩም። ያን ቀን ምን ሳደርግ ዋልኩ? ጣቴን ስቆጥር ነዋ። አራት ሳምንት ያህል "ቀስ ብለሽ ጥሪው" ስባል የነበረው የሞተ ሰው ነው።

ሳይሄድ ግን ስለ ጋቢው ፈርቼ ጠይቄው ነበር። "አዝኖብኝ ነበር?"

"ማን፣ ጓንጉል? ብርድ ሲያንዘፈዝፈን 'የናንተ ሚስቶች ሹራብ ይልካሉ። የኔ ጋቢ ገና እየተቋጨ ነው። የቋጪ ባል መሆን ቀላል መሰላችሁ!' እያለ ያስቀን ነበር። ሲኮራብሽ ነበር፣ እትዬ።"

ሲኮራብኝ። ሲበርደውም ሲኮራብኝ ነበር።

ጋቢውን ለደምመላሽ ሰጠሁት። እንደዚያው፣ ሦስት ጣት እንደቀረው። ተከናንቦት ወጣ። ጫፉን አላየውም። ማንም አያየውም። ያየሁት እኔ ብቻ ነኝ።

የካቲት 20

ወደ ሥራ ተመለስኩ። አሁን ነጠላዬን አዘቅዝቄ ነው የምውለው። ሥራ ላይም፣ መንገድም፣ ቤቴም። ዓመቱ እስኪሞላ እንደዚሁ ነኝ። ጋሽ ወልደሚካኤል፣ "አሁንም ትጠይቂያለሽ?" አሉኝ። አልጠይቅም አልኳቸው። ጥለቱ ቀንም ወደ ላይ ነው፣ ሌሊትም ወደ ላይ ነው፤ ምን ሊነግረኝ? ሌላ ምልክት ልፈልግልሽ አሉ። ይቅርብኝ አልኳቸው። ራሳቸውን ነቀነቁና እጄን ይዘው ቆዩ።

ትናንት ሌሊት መጣ።

ቱታውን ለብሶ በሩ ላይ ቆመ። የጎማ ሽታው ሁሉ አብሮት ገባ። ዝቅ ብዬ ነጠላዬን አየሁ። ጥለቱ አንገቴ ስር ነው። ቀንስ ቢሆን እዚያው አይደል? ምንም አልመሰለኝም። ህልም ይሁን እውን አላወቅሁም።

"ጋዝ ገዝተህ መጣህ?" አልኩት።

"አመጣሁ" አለ። ጀሪካኑን በሩ ስር አስቀመጠ።

የቁም ሳጥኑን ቁልፍ የት እንደጣለው ጠየቅሁት። አንቺ ነሽ የጣልሽው አለ። አንተ ነህ አልኩት። እንደ ልማዳችን ተጨቃጨቅን፣ እስኪነጋ።