ለፔርሙዝ የተጫነው ካሜራ

ኡራኤል፣ አዲስ አበባ
ሰኔ 14 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለባለቤቴ ለረውዳ፣

አሰላሙ ዓለይኩም። "አለሁ፣ ደህና ነኝ" ብዬ እንዳልጀምር ውሸት ሊሆንብኝ ነው፤ ዛሬ ደግሞ ውሸት አልጽፍም ብዬ ነው የተቀመጥኩት። ከዐረፋ ማግስት ጀምሮ ስልኬን አታነሺም። እናትሽም "ከእንግዲህ ከዚያ ሰውዬ በስልክ የሚመጣ ነገር ዓይኔ አያይም" ብለዋል አሉ። እኔም በቃ ወረቀት ገዛሁ። ወንድምሽ ሱሌማን ነገ ወደ ወራቤ ስለሚወርድ በእሱ ልኬዋለሁ። የእጅ ጽሑፌ ካስቸገረሽ እህትሽ ሪሐና ታንብብልሽ፤ ብቻ ጮክ ብላ አይሁን፣ እናትሽ ይሰማሉ።

ነገሩን ከሥሩ ላስረዳሽ። ያ አፕ ያንቺን ፊት ለማሳመር የተጫነ አይደለም። ወላሂ ለፔርሙዝ ነው! የሱቁን ዕቃ በቴሌግራም ልሽጥ ብዬ ፎቶ ሳነሳ፣ ስልኬ አዲሱን ፔርሙዝ አሮጌ አስመሰለብኝ። ከሱቃችን ጎን ያለው ስልክ ጠጋኙ ደጉ "ጋሼ ሙሐሲን፣ ችግሩ የካሜራው አይደለም፣ የአፑ ነው፤ ሌላ ልጫንልዎት" አለና ጽጌረዳ ምልክት ያለበትን ጫነልኝ። ከዚያማ ፔርሙዙ አበራ! አንዷ ደንበኛ እንደውም "ወርቅ ቅብ ነው እንዴ?" ብላ ጻፈችልኝ።

ታዲያ አንቺ ለዐረፋ ልጆቹን ይዘሽ ቀድመሽኝ ወራቤ እናትሽ ቤት ስትሄጂ፣ ጠዋት ሱቁ በር ላይ ቆመን ፎቶ ተነስተን አልነበር? በዚያው አፕ ነው። አፑ እቴ ፔርሙዝና ሚስት አይለይም። እኔም ጉዴን ሳላውቅ፣ በደንብ እንኳ ሳላየው፣ የዐረፋ ዕለት "ዒድ ሙባረክ! ከእኔና ከባለቤቴ" ብዬ ወደ ሪሐና ስልክ ላክኩት።

ከዚያ በኋላ የሆነውን ለዒድ እዚያው የነበረው ሱሌማን ነው ደውሎ የነገረኝ። አንቺ ጓዳ ጎመን ትከትፊያለሽ። እናትሽ ሳሎን ስልኩን ተቀብለው ያያሉ። ሙሐሲን አንዲት ቀይ፣ አፍንጫዋ እስክርቢቶ የሚያክል፣ ሃያ ዓመት ያልሞላት ልጅ አጠገብ ፈገግ ብሎ ቆሟል። ጽሑፉ "ባለቤቴ" ይላል። ልጃቸው ደግሞ እዚያው ጓዳቸው ናት! "ሁለተኛ አገባ! በዒድ ቀን አበሰረን!" ብለው ሲጮሁ ጎረቤቱ ሁሉ ግልብጥ ብሎ መጣ። ከሁሉ የገደለኝ ግን "የልጄን ቀሚስ አልብሷት!" ማለታቸው ነው።

ኧረ ጉድ ነው! አንቺ ከጓዳ ወጥተሽ "እማ፣ እኔ እኮ ነኝ" ብትዪ ማን ይመንሽ? አንዴ አንቺን አንዴ ስልኩን እያዩ "ሂጂ ወዲያ፣ ያንቺ አፍንጫ የአባትሽ ነው" አሉሽ አሉ። ይህን ስሰማ ሳቅኩ። ጥፋቴ እዚህ ላይ ነው። አንቺ ስትደውዪልኝ ገና ሳቄ አላለቀም ነበር። አንቺ አልሳቅሽም። "ሙሐሲን፣ ይህችን ሴት ወደሃታል፤ ከእሷው ጋር ኑር" ብለሽ ጆሮዬ ላይ ዘጋሽው። በሌላ ሴት ብትቀኚ ቁርአን ይዤ እምልልሽ ነበር። በራስሽ ፎቶ ስትቀኚብኝ በምን ልማል?

እንግዲህ እውነተኛ ፎቶሽን ልኬ ካላስታረቀኝ ሚስቴ ቤቷ አትመለስም ብዬ፣ ፊት የማይቀይር ፍለጋ ከደጉ ጋር አፕ ማወዳደር ጀመርን። ሞዴላችን የቄራው ሥጋ ነጋዴ አስመላሽ ነው፤ መቼም ፂሙን ታውቂዋለሽ። ጽጌረዳው ፂሙን ግማሽ በግማሽ ላጭቶ ከንፈሩን ቀለም ቀባው። አስመላሽ አየውና "ይህን ሚስቴ ካየች እኔም ብቻዬን መቅረቴ ነው" አለ። ሁለተኛው አፕ ሁሉን ነገር በእጅ የሚያስተካክሉት ነው፤ ብርሃኑ በቁጥር፣ ፍጥነቱ በቁጥር፣ ርቀቱም በቁጥር። ደጉ ቁጥሩን አስተካክሎ እስኪጨርስ አስመላሽ ሰልችቶት ሄዷል፤ ያነሳነው ባዶ ወንበር ነው። ወንበሩ ግን ጥርት ብሎ ወጥቷል! አስመላሽን ለምነን መለስነው። ሦስተኛው ከጀርባ ያለውን አደበዝዛለሁ ይላል፤ የሰውየውን ጆሮ ከጀርባ ቆጥሮ አደበዘዘለት። አራተኛው ምንም አይነካካም፣ ያለውን እንዳለ ነው የሚያወጣው። ጋዋኑ ላይ ያለውን ነጠብጣብ፣ ትከሻው ላይ ያረፈችውን ዝንብ ሳይቀር። አስመላሽ "አጥፋው! ገበያዬን ልትዘጋው ነው?" ብሎ ስልኩን ሊነጥቀን ተነሳ።

ረውዳ፣ እስከዚህ የጻፍኩት እንድትስቂ ብዬ ነው። ቀጥሎ ያለውን ለመጻፍ ግን ሁለት ወረቀት ቀድጃለሁ።

ደጉ ሲፈልግ ሲፈልግ፣ ያ የሱቁ በር ፎቶ ጽጌረዳው ሳይነካው በፊት የነበረው ስልኬ ውስጥ ተቀምጦ አገኘው። እሱንና በሦስት ማሳመሪያ አፖች ያሳመራቸውን ጎን ለጎን አድርጎ አራት ረውዳ ደረደረልኝ። "በሉ ጋሼ፣ እትዬ ረውዳ የቷ ናቸው?" አለኝ።

አየሁ። ደግሜ አየሁ። ሦስተኛዋን በጣቴ ነካሁ። "አይ፣ እሷም የተነካካች ናት" አለኝ። አሥራ ስድስት ዓመት አንድ ቤት ኖሬ ሚስቴን ከአራት መለየት አቃተኝ! እናትሽ እኮ በአንድ እይታ ነው "ልጄ አይደለችም" ያሉት። እኔ ነኝ ያልለየሁሽ። አፈርኩ፣ በጣም አፈርኩ።

ይህ ሳያንስ፣ ዋናውን ሲያሳየኝ ከዓይንሽ ሥር ጥቁረት አየሁና ብርሃን ያነሰው መስሎኝ "ይህቺን ጥቁረት አጥፋልኝ" አልኩት። ደጉ ግን "ይሄ እንኳን የብርሃን አይደለም ጋሼ። ማለቴ፣ ሰው ሲደክመው እንዲህ ይሆናል" አለኝ። ገና ሚስት ያላገባ ልጅ ያንቺን ድካም ለእኔ ነገረኝ። ራት እያቀረብሽ "ዛሬ ወገቤን አሞኛል" ስትዪኝ፣ ቀና ሳልል "እሺ፣ እሺ" የምልሽ ትዝ አለኝ። የፔርሙዝ ፎቶ እያሳመርኩ ነበር።

ያንኑ ያልተነካውን ካዛንቺስ ወስጄ በወረቀት አሳጥቤዋለሁ፤ ከደብዳቤው ጋር አለ። የፎቶ ቤቱ ልጅ "ፊቷን ትንሽ ላጽዳው?" ቢለኝ "እንዳትነካት!" ብዬ ጮህኩበት፤ ሰው ሁሉ ዞሮ አየኝ። ለእናትሽ ስጪልኝ። ስልክ አይደለም፣ ወረቀት ነው፤ አይጣሉት።

ሽማግሌ አልላክሁብሽም። ሱቁን ዘግቼ ሐሙስ ራሴ እመጣለሁ፣ ኢንሻአላህ። እናትሽ በር ከዘጉብኝም ደጅ እቀመጣለሁ። አላህ ጉልበትሽን ይጠግንልሽ፤ ልጆቹን ይጠብቅልን፤ ለእናትሽም ልጃቸውን ለይተው ያወቁበትን ዓይን ያቆይላቸው።

ስመጣ ተቆጪኝ፣ ያሰኘሽን ሁሉ በዪኝ፤ ይገባኛል። ስትቆጪኝ ግን እባክሽ ፊትሽን አታዙሪብኝ።

ባልሽ
ሙሐሲን