ጉሮሮዬን ያመመኝ ሳምንት

የካቲት 3

ዛሬም ሰው ሠራሽ ጥርስ ስሞርድ ዋልኩ። የአንድ አዛውንት የታች መንጋጋ። ከክሊኒኩ ጀርባ ያለችው የሥራ ክፍሌ ጠባብ ናት... ጀሶ፣ ሞረድ፣ አምፖል፣ እኔ። ከሰው አፍ እንጀራ መብላቴ ካልቀረ የሚሻለው ይሄኛው ነው። ጥርስ አለ፣ ምላስ የለም።

ዶክተሩ በበሩ ብቅ አለ። "ፈቃድሽ ጸድቋል። ከማን ጋር ነው የምትሄጂው?"

"ብቻዬን።"

ያየኝ አስተያየት... ሰው የሞተብኝ ይመስል። "ምነው፣ ሰላም አይደለሽም?"

ሰላም ለመሆን እኮ ነው የምሄደው። ግን እንዲህ አላልኩትም። "ትንሽ ሥራ ቢጤ አለችኝ" አልኩ። ሐይቅ ዳር ምን ሥራ አለኝ? የዓሣ ጥርስ ልሞርድ?

ማታ እታለም ደወለች። ታላቅ እህቴ ስለሆነች በእኔ ጉዳይ የመጨረሻው ፍርድ ቤት እሷ ናት። ሁለት ዓመት ሙሉ "የኋላውን ክፍል አጽድቼልሻለሁ፣ ነይና ግቢ" ትለኛለች። ቤቷ ውስጥ ባሏ አለ፣ አራት ልጆች፣ አማቷ፣ የአማቷ እህት፣ ደግሞ ሁልጊዜ አንድ የማላውቀው እንግዳ። ባሏን በልቤ ሬዲዮ ነው የምለው። ማጥፊያ የሌለው ሬዲዮ። እኔ ደግሞ ያለችኝ አንዲት የኪራይ ክፍልና አንድ ቁልፍ ናት። እሷን ልልቀቅ?

"ሳምንት ሙሉ ብቻሽን? አትችዪውም።"

"እችላለሁ።"

"እንወራረድ። ሳምንቱን ሳትጨርሺ ከተመለስሽ ዕቃሽን ጠቅልለሽ እኛ ቤት ትገቢያለሽ። ከጨረስሽ ሁለተኛ አላነሳብሽም።"

እሺ አልኩ።

የካቲት 7

እታለም ሻንጣዬን ልታዘጋጅ መጣች። ማን ጠራት? ለእሷ ጉዞ ማለት ሚኒባስ ነው። ጭብጨባ ነው። አንዱ ሽንቱ ሲመጣ ሁሉም የሚወርድበት ነው።

"ፎቶ ማን ያነሳሻል?"

"አልነሳም።"

"ታዲያ መሄድሽ በምን ይታወቃል?"

ይኸው። ሰው የሚሄደው እንዲታወቅለት ነው። ሐይቁ ትርፍ ነው።

ብርድ ልብስ ጨመረችብኝ፣ ዣንጥላ ጨመረችብኝ። ስትወጣ በሩ ላይ ቆማ ክፍሌን ዞር ዞር ብላ አየችው። "ጸጥ ያለ ነው" አለች። እንደ ስድብ ነው የሰማሁት። እንደሄደች ብርድ ልብሱን አወጣሁት።

የካቲት 9

አውቶቡስ። መስኮት ዳር ያዝኩ። አጠገቤ ከረባት ያሰረ የመድን ሻጭ ተቀመጠ። ገና ሞተሩ ሳይነሳ...

"ወዴት ነሽ እህቴ? ባለቤትሽስ? ልጆች አሉ?"

ማዳመጫ ጆሮዬ ላይ ሰካሁ። ምንም አልከፈትኩም፣ ለአጥር ያህል ነው። ትከሻዬን ነካ ነካ አድርጎ "ምን እየሰማሽ ነው?" አለኝ። እንዲህ ያለውን ሰው ምን ያደርጉታል?

እጄ ብድግ ብሎ ጉሮሮዬን ያዘ። ራሴን ነቀነቅኩ። ከየት እንደመጣልኝ እኔም አላውቅም።

"ጉሮሮ ነው? አይ... በቃ፣ እንዳትናገሪ።"

ከዚያ የቤተሰቡን ጉሮሮ በሙሉ፣ ከአያቱ ጀምሮ፣ ተረከልኝ። ግን መመለስ አልነበረብኝም። ግማሹ ሸክም ከላዬ ወረደ። ይሄንን እስከ ዛሬ እንዴት አላሰብኩትም?

የእንግዳ ማረፊያው ነጭ ነው፣ ሐይቁ በመስኮት ይታያል። ቁራጭ ወረቀት ላይ "ጉሮሮዬን ታምሜ ሐኪም እንዳልናገር ከልክሎኛል" ብዬ ለባለቤቲቱ ሰጠኋት። ሽርጥ የታጠቀች፣ ወገቧ ላይ የቁልፍ ዘለላ ያንጠለጠለች ሴት ናት። አነበበችና ጉንጯን ያዘች።

"አይዞሽ የኔ እመቤት። እኔ እናገርልሻለሁ።"

አንድ አልጋ፣ አንድ ወንበር፣ አንድ ቁልፍ። እፎይ።

የካቲት 10

እፎይታው እስከ ቁርስ ነው የቆየው። ጥግ ያለችውን ጠረጴዛ ይዤ ነበር። ባለቤቲቱ መጥታ ስኒዬን አንስታ ትልቁ ጠረጴዛ ላይ፣ ሰው መሀል አስቀመጠችው።

"የታመመ ሰው ብቻውን አይበላም።"

ያን ጊዜ ሁሉም ሐኪም ሆነ። አንዱ ማር፣ አንዷ የጨው ውኃ፣ አንዱ "ሎሚ ነው፣ ሎሚ!"። አንዲት የባንክ ሠራተኛ፣ ከባሏ ጋር የመጣች፣ የራሷን ሻርፕ ፈትታ አንገቴ ላይ ጠመጠመችው። ሽቶዋ አናቴ ላይ ወጣ። በዚህ ሙቀት። አመሰግናለሁ እንኳ ማለት አልችልም፤ ማለትም አልፈለግኩ።

የካቲት 11

የማይናገር ሰው የሁሉም ቆሻሻ መጣያ ነው። ዛሬ ገባኝ።

ሐይቁ ዳር አግዳሚ ላይ መጽሐፌን ገልጬ ተቀመጥኩ። የባንክ ሠራተኛዋ መጣች። "አንቺ ለማን ትነግሪያለሽ ብዬ ነው" ብላ ጀመረች። ሌላ ከተማ ዝውውር ጠይቃለች። ተፈቅዶላታል። ባሏ አያውቅም። "ይሄን ጉዞ ያቀድኩት ልነግረው ነበር... አፌ ላይ ይመጣና ይመለሳል" አለችኝ። ተነፈሰች። ቀለላት። እኔ ከበደኝ። ለባሏ ያልተናገረችውን ለማታውቀኝ ለእኔ? ደግሞ ይሄ ድፍረት ይባላል?

እሷ ስትነሳ ባለቤቲቱ ተተካች። ጉልበቷን፣ ወንድሟን፣ የጣሪያውን ፍሳሽ። ከሰው ልሸሽ መጥቼ የሰው ሁሉ ጓዳ ውስጥ ገባሁ።

የካቲት 12

ዝናብ። ሁሉም ሳሎን ውስጥ፣ ሁሉም እኔ ላይ። ከታመምኩ አይቀር ለምን ጆሮዬን አላመመኝም?

የካቲት 13

ጉድ ፈላ።

ምሳ ላይ ስልኬ ጮኸ። እታለም። ባነሳው እናገራለሁ፣ ብናገር እጋለጣለሁ። ባላነሳው ይጮኻል። እኔ ሳመነታ ባለቤቲቱ ላፍ አደረገችው።

"አሎ... አዎ እሷ ናት፣ ግን መናገር አትችልም፣ ታማለች... ከመጣች ጀምሮ አንዲት ቃል አልወጣትም... አይዞሽ፣ እኛ አለንላት።"

እጄን ዘረጋሁ፣ ስጪኝ ብዬ። እጄን ይዛ ዳበሰችው።

ክፍሌ ገብቼ ደወልኩ። ተይዟል። መቼም ያን ጊዜ ዘመዱን ሁሉ እየጠራች ነበር። "ደህና ነኝ" ብዬ ጻፍኩላት። መልሱ ወዲያው መጣ። "እየመጣን ነው።"

ሳምንቱ ገና አልሞላም። ነገ ይዛኝ ከሄደች ውርርዱን በላች፣ ክፍሌም ሄደች። እውነቱን ልንገራት? ምን ብዬ? ሰው ሰለቸኝ ብዬ?

የካቲት 14

መጡ። በሚኒባስ። እታለም፣ ሬዲዮ፣ አራቱ ልጆች፣ አማቷ፣ የአማቷ እህት። የማይታወቀው እንግዳም አልቀረ። ያወጣሁት ብርድ ልብስ ዓይነት ሌላ ብርድ ልብስ ተሸክመው።

እታለም ሳሎኑን አቋርጣ መጥታ ፊቴን በሁለት እጇ ያዘች። "አፍሽን ክፈቺ፣ ልየው።" ሬዲዮ ስለ አንድ ድምፁ የጠፋበት የሰፈሩ ሰው ለእንግዶቹ ማውራት ጀምሯል። ባለቤቲቱ ማር ይዛ ቆማለች። ይሄ ሁሉ ሰው የቆመው በእኔ ውሸት ዙሪያ ነው።

"አልታመምኩም" አልኩ።

ድምፄ ሻክሮ ወጣ፤ ብዙ ቀን ተቀምጦ። ሬዲዮ እንኳ ቆመ።

"አልታመምኩም። ብቻዬን መሆን ፈልጌ ነው።"

የባንክ ሠራተኛዋ ፊቷ አመድ መሰለ። ላረጋጋት ብዬ "ያልሽኝን ለማንም አልናገርም" አልኳት። ባሏ አጠገቧ ተቀምጦ። "ምንድን ነው ያልሻት?" አለ ባል። ምላሴን በቆረጠው። አሁን ገና መናገር ብጀምር የመጀመሪያ ሥራዬ ይሄ ሆነ። ተያይዘው ወደ ውጭ ወጡ። ስታልፍ ሻርፗን ከወንበሬ ላይ መንጭቃ ወሰደችው። አልፈረድኩባትም።

ባለቤቲቱ ማሩን አስቀመጠች። "ልጄ፣ ብቻዬን ልብላ ማለት አቅቶሽ ነው? ጥግ ላይ አስቀምጥሽ ነበር እኮ።"

ይኸው ነው። አንዲት ዓረፍተ ነገር። እሷን ላለመናገር ሰው ሁሉ ሲያስታምመኝ ከረመ። ሁሉን ስንቅ የኖርኩት እኔ፣ ከዚህ ቤት ካሉት ሁሉ ፈሪዋ እኔ ነኝ።

እታለምን ክፍሌ አስገባኋት። ወንበሩ ላይ ተቀመጠች፣ እኔ አልጋው ላይ።

"እናንተ ቤት አልገባም" አልኳት። "ዛሬም፣ ሳምንቱ ሲያልቅም። ውርርድ ስለሆነ አይደለም። አልፈልግም።"

ሁለት ዓመት ሙሉ ሥራ በዛብኝ፣ ራሴን አመመኝ፣ አከራዬ አይለቀኝም... ስል ኖሬ እንዲህ ብዬ አላውቅም ነበር። የምትጮህ መሰለኝ። አልጮኸችም። መስኮቱን ነው የምታየው።

"እንድታወሪልኝ መሰለሽ የምፈልግሽ?" አለች። "እዚያ ቤት ውስጥ አንድ ዝም የሚል ሰው ፈልጌ ነው።"

"ምን?"

"ካገባሁ ጀምሮ ብቻዬን ቁጭ ብዬ አላውቅም። ሽንት ቤት ስገባ እንኳ በሩ ይንኳኳል። አንቺ ከገባሽ... አጠገብሽ ትንሽ እቀመጣለሁ ብዬ ነበር።"

እኔ እኮ የጭብጨባው አለቃ እሷ ናት ብዬ ስስቅባት ነበር የኖርኩት።

"ለምን አልነገርሽኝም?"

"አንቺስ?"

ከውጭ የሬዲዮ ድምፅ መጣ። "የት ናችሁ? ልጆቹ ራባቸው!" እታለም ገና ሳይጨርስ ብድግ አለች። እንደ ወታደር። አንጀቴን በላችው። ትከሻዋን ይዤ መልሼ አስቀመጥኳት። ቁልፉን እጇ ላይ አደረግኩት።

"ክፍሉ ሁለት ሌሊት ይቀረዋል። አንቺ እደሪበት።"

"ልጆቹስ?"

"አባት አላቸው።"

"እሱን ምን እለዋለሁ?"

"እኔ እነግረዋለሁ።"

ወጥቼ ነገርኩት። "እታለም እዚህ ትቆያለች። ብቻዋን መሆን ትፈልጋለች።" ሳቀ። ከዚያ "ታማለች እንዴ?" አለ። "አልታመመችም።" ባለቤቲቱ ጥግ ያለችውን ጠረጴዛ ጠረገች።

እንግዲህ ሚኒባሱ ውስጥ አንድ ቦታ ተርፏል። የማን ይሆን? የእኔ። ከሬዲዮ ጎን፣ ከፊት። ሲያወራ፣ ሲያወራ... "እስከሚቀጥለው ድልድይ ዝም እንበል" አልኩት። ዝም አለ። ድልድዩን ገና እንደተሻገርን ካቆመበት ቀጠለ።

የካቲት 15

ቤቴ ነኝ። በውርርዱ ብንሄድ ተሸንፌያለሁ። ግን ማን ይጠይቀኛል? ጠያቂዋ ሐይቅ ዳር ናት።

ሬዲዮ ሦስቴ ደወለ። ሳሙና የት ይቀመጣል? ትንሿ ልጅ ምን ትለብሳለች? የእናቱ መድኃኒት የትኛው ነው? ሚስቱን ይህን ሁሉ ዓመት ሲያናግራት ኖሮ አንድም ነገር አልጠየቃትም ማለት ነው።

የካቲት 19

እታለም በአሥራ ስድስት ትመጣለች ተብሎ ትናንት መጣች። ሁለት ሌሊት ጨምራ። ቤቷ ከመግባቷ በፊት በእኔ በር አለፈች። ፊቷ ተለውጧል፣ ወይ እኔ አይቼው አላውቅም።

"ግቢ" አልኳት። ከልቤ ነው፤ ሻይ ጥጄ ነበር።

"አልገባም። በእግሬ ቀስ እያልኩ ልሄድ ነው።"

"ልሸኝሽ?"

"አይ፣ ብቻዬን።" ስማኝ ሄደች።

ሻዩን ለሁለት ነበር የጣድኩት። ደፋሁት።

የካቲት 26

እሑድ። ሳይጠሩኝ እታለም ቤት ሄድኩ። በሕይወቴ የመጀመሪያዬ ነው። ልጆቹ በር ላይ፣ አማቷ ሶፋ ላይ፣ አንድ የማላውቀው ሰው ደግሞ ቴሌቪዥኑ ፊት።

"እታለምስ?"

ሬዲዮ በአገጩ ወደ ኋላ አመለከተኝ። ድምፁን ዝቅ አድርጎ። "ክፍሏ ናት።"

የኋላው ክፍል። ለእኔ ያጸዳችው። አዲስ ቁልፍ ተገጥሞለታል። አንኳኳሁ።

"ማነው?"

"እኔ ነኝ።"

"ቁጭ ብያለሁ። ቆይተሽ ነይ።"

እኔን? ከሰው ሁሉ እኔን? ቅር አለኝ፣ በጣም ቅር አለኝ። እኔ ብሆን የምለው ነው ያለችኝ፤ እኔ ግን እንዲህ በቀላሉ ብዬው አላውቅም።

ሳሎን ተመለስኩ። ሬዲዮ ሶፋው ላይ ቦታ ለቀቀልኝና ስለ ጎረቤቱ መኪና ጀመረ። ተቀመጥኩ። ሰማሁት። ሁለተኛ አላንኳኳሁም።